ከአዳማ ወጣ ብሎ ወንጂን እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

አዳማ የሚያድር እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ ይሄዳል። ወንጂ ግን ከከተማዋ በስተደቡብ በጣም ቅርብ ናት፤ ግማሽ ቀን ይበቃታል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እዚያ ነው፣ ኤች ቪ ኤ በተባለ የሆላንድ ኩባንያ።

መጀመሪያ ወቅቱን ይምረጡ። በክረምት ማሳው ስለሚጨቀይ የሸንኮራ አገዳ ቆረጣው ይቆማል፣ ፋብሪካውም ጥገና ላይ ይሆናል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ቢሄዱ ሥራውን በሙሉ ኃይሉ ያገኙታል።

ፋብሪካ ውስጥ መግባት ከፈለጉ አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ። በር ላይ ደርሶ መለመን አያዋጣም። ሁለቱ አሮጌ ፋብሪካዎች፣ ወንጂና ሸዋ፣ ቆመው ሥራው በዶዶታ በኩል ወደተሠራው አዲስ ፋብሪካ ስለዞረ፣ የትኛውን ማየት እንደሚፈልጉም ለይተው ይናገሩ። ፈቃድ ባይገኝም ጉዞውን አይተዉት፤ እኔን ከማሽኑ ይልቅ የሚማርከኝ ማሳው ነው።

ከአዳማ በጠዋት ሚኒባስ ይያዙ፣ እንደደረሱ ባጃጅ ይኮናተሩ። በአዋሽ ውሃ የሚለማው የሸንኮራ ማሳ ከመንገዱ ይታያል። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ በእሳት ስለሚጠረግ ጥላሸት ይበንናል፤ ነጭ ልብስ አይልበሱ፣ ሽፍን ጫማ ያድርጉ። የተቆረጠ አገዳ በቆየ ቁጥር ስኳሩ ይቀንሳል። የጫኑ መኪኖች የሚጣደፉት ለዚህ ነውና መንገድ ይልቀቁላቸው። ጭማቂው የወጣለት ገለባ፣ ባጋስ የሚሉት፣ አይጣልም፤ ቦይለሩ የሚነደው በእሱ ነው።

ቆራጮቹን ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ። ከከምባታና ከሀዲያ ሳይቀር ለሥራ የመጡ፣ በዚያ ፀሐይ በገጀራ የሚውሉ ሰዎች ናቸው፤ «አይዟችሁ፣ በርቱ» ይበሏቸው። አገዳ መምጠጥ ካማረዎት ከማሳው አይስበሩ፣ ከተማ ውስጥ ይጠይቁ።

አንድ ነገር አደራ። በስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛል። የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ያደጉ ብዙ የወንጂ ልጆች ጥርሳቸው በልጅነታቸው በልዟል፣ አጥንታቸው የተጎዳም አሉ። ለአንድ ቀን እንግዳ አያሰጋም። ሰው ሲስቅ ግን ጥርሱ ላይ አያፍጥጡ፣ «ምን ሆነህ ነው?» ብለውም አይጠይቁ። ቡና ከተጋበዙ ቁጭ ብለው ስለ ሠራተኞቹ መኖሪያ ካምፕ ኑሮ ያስወሯቸው፤ ጡረተኞቹ ስለ ድሮው ፋብሪካ የሚነግሩዎት ብዙ ነው። ወደ አዳማ የሚመለሰውን ሚኒባስ ግን ሳይመሽ ይያዙ።