ለልጆች ሸርተቴ ቁልቁለት ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቶሮንቶ ያለው የእህቴ ልጅ ባለፈው ታኅሣሥ ቪዲዮ ላከልን። ልጆቹን ፕላስቲክ ላይ አስቀምጦ ከኮረብታ በበረዶ ቁልቁል ይለቃቸዋል። የኔዎቹ ስልኩን ነጥቀው አሥር ጊዜ አዩት። ትልቁ «የኛ ሰው እንዲህ አይችልም» አለ። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ በክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በበረዶ ስኪ እንደተወዳደረ ነገርኩት። አላመነኝም። ትንሿ ደግሞ «እኛስ መቼ ነው በረዶ የሚወርድልን?» አለች።

የጎንደር በረዶ ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ ጎመን የሚበጣጥስ ነው። አይንሸራተቱበትም። ቁልቁለትና ሳር ግን ሞልቶናል። በካርቶን ወይም በማዳበሪያ ሸርተቴ ሳይጫወት ያደገ ጎንደሬ ያለ አይመስለኝም። ችግሩ ቦታው ላይ ነው። ልጆቹን ይዤ በየኮረብታው ስዞር ራሴ የሠራሁትንም፣ ሌላው ሲሠራ ያየሁትንም ስህተት ልንገራችሁ።

ቁልቁለቱን ከላይ ሆኖ መምረጥ

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። አናቱ ላይ እንቆማለን፣ ቁልቁል እናያለን፣ «አቤት ሲያምር!» እንላለን። አለቀ፣ መረጥን። ሸርተቴ ግን ሲወርዱ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ሲቆሙ ነው። ምን ላይ ትቆማለህ? ጥያቄው እሱ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እኔ አጋም ላይ ቆምኩ። ቁልቁለቱ ልስልስ ያለ ነበር፣ ድንጋይ የለው፣ ጉድጓድ የለው። መጨረሻው ላይ ግን የአጋም አጥር ነበር። ከላይ ስናየው አረንጓዴ ነገር ነው፣ ሳር መስሎን ነበር። እናቴ ማታ በመርፌ እሾህ ስትነቅልልኝ አመሸች። ለእያንዳንዱ እሾህ አንድ ቁንጥጫ ነበረው።

አሁን ሳስበው ሂሳቡ ቀላል ነው። ከ5 ሜትር ከፍታ የተነሳ ልጅ፣ ሰበቃ የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ ታች ሲደርስ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበር ነበር። ሳሩ ከዚህ ብዙ ይቀንስለታል። ቢሆንም የግማሹ ግማሽ እንኳ ቢቀር፣ በዚያ ፍጥነት ከግንብ ጋር መጋጨት አትፈልጉም። 5 ሜትር ደግሞ ብዙ አይደለም፣ አንድ ፎቅ ተኩል ያህል ነው።

ስለዚህ ከታች ጀምሩ። መጀመሪያ ሜዳውን ፈልጉ። ሰፊ፣ ረጅም፣ ቢቻል መጨረሻው ትንሽ ወደ ላይ የሚነሳ ሜዳ ካገኛችሁ፣ ያኔ ዞር ብላችሁ በላዩ ቁልቁለት መኖሩን እዩ። የብዙው የጎንደር ቁልቁለት መጨረሻ አስፋልት ነው፣ ወይም የሰው ግቢ፣ ወይም ወደ አንገረብና ወደ ቀሃ የሚወርድ ቦይ። ያማረ ቢሆንም ተዉት። በነገራችን ላይ የበረዶው አገር ሰዎችም ከዚህ አላመለጡም። ቶሮንቶ ከተማ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በ45 ኮረብቶች ሸርተቴ ከልክላለች። የተባለው ምክንያት እንደ ዛፍ፣ ጉቶ፣ ድንጋይ፣ ወንዝና መንገድ ያለ ነገር ነው። በረዶ ይኑር ሳር፣ ታች ያለው ነገር ያው ነው።

ሜዳው ይበቃ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? እኔ መጀመሪያ ራሴ እወርዳለሁ። ጎረቤት ይስቃል፣ ይሳቅ። የቆምኩበት ላይ ዱላዬን እተክላለሁ። ከዱላው ወዲያ የተንሸራተትኩትን ያህል ባዶ ሜዳ ከቀረ ልጆቹን እጠራለሁ። ካልቀረ መነሻውን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ከአናቱ መነሳት ግዴታ አይደለም።

በዓይን ብቻ ማለፍ

ሳር ጉድ ይደብቃል። ጥቁር ድንጋይ፣ ዝናብ የቦረቦረው ጉድጓድ፣ የጠርሙስ ስብርባሪ። ከሁሉ የሚብሰው የከብት ማሰሪያ ችካል ነው። ከብቱ ሄዷል፣ ገመዱም ሄዷል፣ ችካሉ ግን ስንዝር የምታህል ብቅ ብሎ ሳሩ ውስጥ ተቀምጧል። መንገዱን ሁሉ በእግር ውረዱት፣ እግራችሁን እየጎተታችሁ። ከዚያ በዱላ እየዳበሳችሁ ውጡት። የሚነሳ ድንጋይ አንሡ። የማይነሳ ካለ እናንተ ተነሡ።

ወቅቱን መርሳት፣ ባለሳሩንም መርሳት

ልጆች ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይጓጓሉ፣ ትምህርት የለማ። ግን ያኔ ሸርተቴው ጭቃ ነው። አቅጣጫ አይያዝም፣ እግር ተክሎ መቆምም አይቻልም። ልብሱን የሚያጥበው ሰውም ይታሰብ። በዚያ ላይ ወንዙ ሞልቷል።

ብዙ ሰው እርጥብ ሳር ብቻ የሚያንሸራትት ይመስለዋል። ደረቅ ሳር ሲተኛ በካርቶን እንዴት እንደሚያስኬድ ያየ ግን ይገረማል። ለኔ ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ነው። መሬቱ ደርቋል፣ ሳሩ ገና አለ። የካቲት ሲደርስ ከብት ግጦት ያልቃል፣ የሚቀረው አቧራና ጠጠር ነው።

ሳሩ ግን የሰው ነው። ለከተማ ልጅ ሜዳ ይመስለዋል፣ ለባለቤቱ የከብቱ ቀለብ ነው። አምና አንድ ሽማግሌ ከሩቅ ጮኹብን። ሄጄ እጅ ነሥቼ «አባባ ይቅርታ፣ ሳናውቅ ነው» አልኩ። «ሳር ተኝቶ አይታጨድም ልጄ። ሳጭድ ኑ፣ ያን ጊዜ ይንከባለሉ» አሉኝ። ከአጨዳው በኋላ ሄድን። ሽማግሌው ልጆቹን መጀመሪያ ነዶ አሸከሟቸው፣ ከዚያ ለቀቋቸው። ሳሩ አጥሮ ስለነበር ጉድጓዱም ድንጋዩም ፍንትው ብሎ ይታይ ነበር። እኔ ዱላ ይዤ ስዳብስ የኖርኩትን እሳቸው በማጭዳቸው ጨረሱልኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ከአጨዳ የቀረው ወፍራም የሳር ግንድ ይወጋል፣ ሱሪ አልብሷቸው።

ቅርሱን መጫወቻ ማድረግ

ክረምት ሲወጣ የፋሲል ግቢ ሳር ያስጎመጃል። የቁስቋም ግቢም፣ የጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያም እንዲሁ። ልጅ «እዚህ ነው!» ይላል። አይደለም። ፋሲል ግቢ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ቅጥር ነው። ሸርተቴ ሲደጋገም ሳሩን ገልጦ አፈሩን ለጎርፍ ይሰጣል። ክብሩን ብትረሱት እንኳ፣ የነገሥታቱ ግንብ አጋም አይደለም፣ ሲመቱት አይጎነበስም።

መቀመጫውን መናቅ

ለትንሽ ልጅ ከካርቶን የተሻለ የለም። ቀስ ይላል፣ ቶሎ ይቀደዳል፣ ጨዋታው ራሱ ያልቃል። ማዳበሪያ የታችኛውን ጠጠር ሁሉ ያሰማል፣ ውስጡ ገለባ ክተቱበት። የዘይት ጀሪካን ሲሰነጠቅ በጣም ይሮጣል። ግን የተቆረጠው ጠርዝ ምላጭ ነው፣ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በወፍራም ፕላስተር ጠቅልሉት። በኩሽኔታ የሚሠራው ጋሪ የአስፋልት ነገር ነው። አስፋልት ላይ ደግሞ ባጃጅ አለ፣ ስለዚህ አላወራበትም።

በምንም ላይ ይቀመጡ፣ እግር ይቅደም። በሆድ ተኝቶ ራስን አስቀድሞ መውረድ ጉብዝና የሚመስላቸው አሉ። የኔው ትልቁ አንዱ ነው።

መውጫውን አለማሰብ

የወረደ ልጅ መውጣት አለበት። መውጫው በመውረጃው ላይ ከሆነ ይጋጫሉ፣ ጥርጥር የለውም። ጎን ለጎን የእግር መንገድ ያለው ቁልቁለት ምረጡ። ከሌለ ሁለት ዱላ ተክላችሁ «በዚህ ነው የሚወጣው» በሉ። ትንንሾቹ ዝቅ ካለው መነሻ፣ ትልልቆቹ ከላይ፣ በተራ።

ሰዓቱንም እዩ። 11 ሰዓት ገደማ ከብት ወደ ቤት ይመለሳል፣ የሚመለሰውም አብዛኛውን ጊዜ እናንተ በመረጣችሁት ቁልቁለት በኩል ነው። ላም ለሸርተቴ መንገድ አትለቅም።