ክረምቱ ሳይገባ የአገር ቤቱን ጣሪያ ከሩቅ ሆኖ ማዘጋጀት

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፣ እኔ ሜሪላንድ ነኝ። ክረምት ላይ ስደውልላት ሁሌም «ደህና ነን ልጄ፣ ዝናቡም ተመስገን ነው» ትለኛለች። አንድ የሐምሌ ምሽት ግን ከድምፅዋ ኋላ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ። «እማዬ፣ ምንድን ነው እሱ?» ስላት ዝም አለች። ሳሎኑ መሀል ሳፋ ተቀምጦ ኖሯል። አልጋዋን ከሚያፈሰው ጥግ ካሸሸች ሦስተኛ ክረምቷ ነበር።

ልጄ እንዳይጨነቅ ብላ ነው የደበቀችኝ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለወጠው አጠያየቃችን ነው። «ቤቱ እንዴት ነው?» ካላችሁ መልሱ «ደህና» ነው። ይልቅ «ባለፈው ክረምት ሳፋው የት የት ነበር የሚቀመጠው? የትኛው ክፍል ኮርኒስ ላይ ነው ቡናማ እድፍ ያለው? ውሃ በየትኛው በር ነው የገባው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ የሰፈር ልጅ እየዞረ በቪዲዮ ያሳያችሁ።

በልግ የሚያገኝ አካባቢ ከሆነ የሚያዝያ ዝናብ ጥሩ መፈተኛ ነው። ሲያፈስ ያስቀርጹትና ጥገናውን ግንቦት ላይ ጨርሱ። ሰኔ 1 በፈረንጆቹ ጁን 8 ነውና ጁን መጣ ብላችሁ ከተነሳችሁ ዘግይታችኋል። ሐምሌ ላይ አናጢ ቢገኝ እንኳ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ሰው ማውጣት ነፍስ ማስያዝ ነው።

ነፋስ ጣሪያ የሚገነጥለው ከታዛው ጀምሮ ነው። ስለዚህ አናጢው ከሁሉ በፊት ዳር ዳሩን ይይ። የላላ ሚስማር ካለ ነቅሎ በአዲስ ይተካ፣ ሚስማሩንም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይምታው። የሚስማሩ ጎማ በፀሐይ ደርቆ ከተሰነጠቀ የሚያፈሰው በዚያ ነው። ማገሩ ከወራጁ፣ ወራጁም ከግድግዳው ጋር በሽቦ ወይም በብረት መታሰሩን በፎቶ አረጋግጡ፤ ቆርቆሮው ጠንክሮ ቢመታም ከሥሩ ያለው እንጨት ካልታሰረ ጣሪያው በሙሉ ይነሳል። ድንጋይ መጫን ልማዳችን ቢሆንም ብርቱ ነፋስን አይመልስም፣ ሲወድቅም ሰው ይጎዳል። አዲስ ቆርቆሮ ስታስገዙ ጌጁን፣ ማለትም የውፍረት ቁጥሩን፣ ጠይቁ። ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል፤ 28 ከ32 ይወፍራል። ልዩነቱ የሚታወቀው በረዶ ሲወርድ ነው።

በረዶ ሌላም ጣጣ አለው። አሸንዳ ውስጥ ተከምሮ የውሃውን መውጫ ይዘጋል፣ ከኋላው የሚቀልጠው ውሃም ተመልሶ ኮርኒስ ውስጥ ይገባል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ካለበት ደግሞ ይብሳል። አሸንዳውን ግንቦት ላይ አንዴ፣ ሐምሌ መሀል አንዴ የሚጠርግ ሰው ከፍላችሁ ያዙ። ወደ ቤቱ ያዘነበለ ባሕር ዛፍም በዚያው ይቆረጥ።

የጭቃ ቤት ከሆነ የግድግዳውን እግር እዩ። ምርጊቱ ከታች ከተበላ ቋሚው እንጨት ይበሰብሳል። ከተዳፋቱ የሚመጣውን ውሃ የሚያስቀይስ ቦይ ይቆፈር፣ ግን ውሃው ወደ ጎረቤት ደጅ እንዳይሄድ አስቀድሞ ከጎረቤት ጋር ይነጋገሩ። በእኛ ሰፈር ሁለት ቤተሰብ ለዓመታት የተኳረፈው በእንዲህ ዓይነት ቦይ ነው።

ወንዝ ዳር ላለ ቤት ግን ቦይ አይበቃም። ድሬዳዋ ላይ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ ጎርፉ የመጣው ከከተማዋ በላይ ካሉት ተራሮች ነበር። በሰፈሩ ሰማይ ላይ ብቻ አትተማመኑ። ወላጆቻችሁ ጎርፍ በሚያሰጋበት ሌሊት የሚያድሩበትን ዘመድ ቤት ዛሬ ተነጋግራችሁ ወስኑ። አዲስ አበባ ከሆኑ 939 የእሳትና አደጋ፣ 905 ደግሞ የመብራት አገልግሎት ስልክ ነው፤ በትልቁ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ነጎድጓዱ ሳይጀምር ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ከሶኬት እንዲነቀል አስታውሷቸው።

ገንዘቡን «ለጣሪያ» ብላችሁ በአንዴ አትላኩ። የዕቃውን ዋጋ ለሻጩ በቀጥታ በባንክ ክፈሉ፣ የአናጢውን ግማሽ ደግሞ ሥራው በፎቶ ሲታይ። ቤቱ በስማችሁ ከሆነ ለእድሳት፣ ለመድንና ለወረዳ ጉዳይ ብቻ የሚሆን ልዩ ውክልና ስጡ፤ የመሸጥ ሥልጣን አትጨምሩበት። ከኤምባሲ ወይም ከቆንስላ ወጥቶ አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ እስኪያልፍ ጊዜ ስለሚወስድ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። መድን ስትገቡ «የእሳትና የመብረቅ» የሚለው ብቻውን ዐውሎ ነፋስንና ጎርፍን ላይሸፍን ይችላል፤ በተጨማሪ ክፍያ መካተቱን ውሉ ላይ አንብቡ።

ዐውሎው ካለፈ በኋላ ማንም ጣሪያ ላይ አይውጣ። ከመጥረጋቸው በፊት ግን የተጎዳውን ሁሉ ፎቶ ያንሱ፤ መድን ሰጪው የሚጠይቀው እሱን ነው። እኔም አሁን ዝናብ በጣለ ማግስት ስደውል «እማዬ፣ ሳፋው የት ነው ያለው?» ብዬ ነው የምጀምረው።