አዲስ ታውንሃውስ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ሳይት ፕላኑን አውጡ

እዚህ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሰርግም ላይ ለቅሶም ላይ ወሬው ዞሮ ዞሮ ቤት ጋ ይደርሳል። ሰው ከሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማው ወጥቶ አዲስ ታውንሃውስ፣ ማለትም ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት፣ ፍለጋ ወደ ጀርመንታውንና ክላርክስበርግ ይሄዳል። እኔ ጀርመንታውን ስለምኖር ዘመድ ወዳጅ ቤት ሊያይ ሲመጣ አብሬ እዞራለሁ። ሁሉም ስለ ወለዱ ይጠይቃል፣ ስለ ኪችኑ ግራናይት ይጠይቃል። "ሳይት ፕላኑ የታለ?" የሚል ግን እምብዛም አላየሁም።

ሳይት ፕላን ማለት ካውንቲው ለዲቨሎፐሩ "እዚህ ቦታ ላይ ይህን ትሠራለህ" ብሎ ያጸደቀው ሰነድ ነው። የቤቱ ቁመት፣ ከመንገድ የሚርቅበት ልክ፣ የልጆች መጫወቻው፣ የሚተከለው ዛፍ ሳይቀር እዚያ አለ። ሴልስ ኦፊስ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ባለቀለም ስዕል ሌላ ነገር ነው። ጥጉ ላይ በደቃቁ "ሊቀየር ይችላል" የሚል አይጠፋበትም። ሻጩ ደግሞ ሥራው ነው፤ አፍ ዳገት አይፈራም።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ክላርክስበርግ ታውን ሴንተር የሆነውን እዩ። 1,300 ገደማ ቤት የታቀደበት ሰፈር ነው። ነዋሪዎቹ ነገሩን የጀመሩት በቤት ቁመት አልነበረም። በእግር የሚኬድበት ሱቅና አደባባይ ተብሎ የተነገራቸው ነገር ተራ የገበያ ማዕከል ሊሆን ነው ብለው ሰጉ። ኮሚቴ አቋቁመው ፕላኒንግ ቢሮ ሄዱና መዝገብ ማገላበጥ ያዙ። ጉዱ የወጣው ያኔ ነው። ለታውንሃውስ የተፈቀደው ቁመት 35 ጫማ ሆኖ ሳለ ከዚያ በላይ የረዘሙ ቤቶች ብዙ ናቸው። ከሚገባው በላይ ወደ መንገድ የተጠጉም ነበሩ። ኤፕሪል 2005 ላይ ሳይት ፕላን የሚያጸድቀው ፕላኒንግ ቦርድ "ጥሰት የለም" አለ። እነሱ አልተዉትም። ቆይቶ የቁመቱ ገደብ ከጸደቀ በኋላ ሰነዱ ላይ መቀየሩ ታወቀ። ጁላይ ላይ ቦርዱ ውሳኔውን ገልብጦ "ጥሰት አለ" አለ። የታውን ሴንተሩ ሱቆች ግን ከዚያም በኋላ ከአስር ዓመት በላይ ሳይሠሩ ቆዩ።

እሺ፣ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ሻጩን የሳይት ፕላኑን ቁጥር ጠይቁት። የካውንቲው ፕላኒንግ ዲፓርትመንት ድረ ገጽ ላይ በቁጥሩ ወይም በሰፈሩ ስም ይገኛል። "ሰርቲፋይድ" የሚለውን፣ ማህተምና ፊርማ ያለበትን አውርዱ። በኋላ የተሻሻለ ካለ እሱንም ጨምሩ። ገጹ ብዙ ነው፤ አትደንግጡ። የምትፈልጉት ሠንጠረዡን ነው። በአንድ በኩል ሕጉ የሚፈቅደው፣ በሌላ በኩል ለዚህ ሰፈር የጸደቀው ቁጥር ተደርድሯል። ቁመቱንና ከድንበር የሚርቅበትን ልክ ጻፉ። ተዳፋት ጣሪያ ከሆነ ቁመቱ የሚለካው እስከ ጫፉ ሳይሆን በጣሪያው ጠርዝና በጫፉ መሀል እስካለው ነጥብ ነው። ይህን ሳያውቁ አቤት ማለት ያሳፍራል።

ከዚያ የቦርዱን ውሳኔ አንብቡ። መዋኛው፣ መጫወቻው፣ የእግር መንገዱ መቼ ማለቅ እንዳለበት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እዚያ ነው፤ "ይህን ያህል የግንባታ ፈቃድ ከመውጣቱ በፊት" እየተባለ። ሻጩ "በሚቀጥለው ሰመር ያልቃል" ካላችሁ ከዚህ ጋር አስተያዩት።

አሁን ወደ ጫካው። ባክያርዱ ከዛፍ ጋር የሚዋሰን ቤት ላይ ቢልደሩ "ሎት ፕሪሚየም" ብሎ ተጨማሪ ብር ይጠይቃል። ሰው ደስ ብሎት ይከፍላል። ግን ዛፉ የማን ነው? ፕላኑ ላይ "ካታጎሪ አንድ ኮንሰርቬሽን ኢዝመንት" የሚል ካለ ጫካው የተጠበቀ ነው። ከሌለ የሚቀጥለው ዙር ታውንሃውስ ሊቆምበት ይችላል። የኢዝመንቱ መስመር የናንተ መሬት ውስጥ ከገባ ደግሞ ያን ክፍል ዛፍ መቁረጥም ሆነ ሼድ ማቆም አትችሉም። ከኋላ ያለው ባዶ ሜዳ ምን እንደታቀደለት ለማወቅ የአካባቢውን ማስተር ፕላን እዩ።

ውሉ ላይ ብዙም አልቆይም፤ ጠበቃ ይይዘዋል። የቢልደሩ ዋራንቲ መኖሩን ግን ራሳችሁ አረጋግጡ። በሜሪላንድ የአዲስ ቤት ዋራንቲ ፕላን ለሥራና ለዕቃ ጉድለት 1 ዓመት፣ ለቧንቧ፣ ለኤሌክትሪክና ለማሞቂያ 2 ዓመት፣ ቤቱን ለሚሸከመው አካል 5 ዓመት ይሸፍናል። "ዋራንቲ የለውም" የሚል ወረቀት ካስፈረሟችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡ። የራሳችሁን ኢንስፔክተር ደግሞ ድራይዎል፣ የግድግዳው መሸፈኛ ሰሌዳ፣ ሳይለጠፍ አስገቡ። ከተለጠፈ በኋላ የሚያየው ቀለም ነው።

አንድ ነገር ከፕላኑ ውጭ ሲሠራ ካያችሁ የት አቤት እንደምትሉ እወቁ። ያኔ ክላርክስበርግ ላይ ክፍተቱ የተፈጠረው ፕላኑን የሚያጸድቀውና የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የተለያዩ ስለነበሩ ነው። ከዚያ በኋላ ሳይት ፕላኑ መከበሩን የመቆጣጠሩ ሥራ ወደ ፈቃድ ሰጪው፣ ፐርሚቲንግ ሰርቪስስ ወደሚባለው ዞሯል። ሁለቱም አሁን ዊተን ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ናቸው። ወደ ካውንቲው ስልክ 311 ደውሉ፤ "አማርኛ" ብትሉ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። የአቤቱታውን ቁጥር ሳትቀበሉ ስልኩን አትዝጉ። የሳይት ፕላኑን ገጽ፣ ፎቶና የለካችሁትን ልክ አያይዛችሁ በኢሜይልም ላኩ። ጎረቤት ካለ አብራችሁ ፈርሙ። ፕላኒንግ ቦርዱ የሚሰበሰበው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ለመናገር ግን አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል።