ውጭ አገር እየተማራችሁ ልጆች ለማስተማር ካሰባችሁ

ውጭ አገር እየተማራችሁ ልጆች ማስጠናት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የቪዛችሁን ደንብ አንብቡ። ብዙ ሰው የሚያየው የሰዓት ገደቡን ብቻ ነው፤ አውስትራሊያ በትምህርት ወቅት በሁለት ሳምንት 48 ሰዓት፣ ብሪታንያ ደግሞ ለዲግሪ ተማሪ በሳምንት 20 ሰዓት ትፈቅዳለች። የሚዘነጋው ሌላው ነው፦ በብሪታንያ የተማሪ ቪዛ የግል ሥራ መሥራት ክልክል ስለሆነ፣ ከወላጅ ጋር በቀጥታ ተዋውሎ ቤት ለቤት ማስጠናት ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ትምህርት ቤት ወይም ማስጠኛ ማዕከል ተቀጥሮ መሥራቱ ይሻላል። ከልጆች ጋር የሚሠራ ሰው ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃም በአብዛኛው ይጠየቃል። ከአገራችሁ ሳትወጡ አውጡት፤ ከሩቅ ሆኖ ማስጨረስ እጅግ አሰልቺ ነው።

አገሩን ለማየት ደግሞ ተማሪዎቻችሁን ጠይቁ። የትኛው መናፈሻ ደስ እንደሚል፣ የትኛው ሙዚየም እንደሚሰለች ሳይሸፋፍኑ ይነግሯችኋል (አዋቂ ለይሉኝታ ሲል ሁሉንም ያሞግሳል)። ፈረንሳይ በረጅም ጊዜ ቪዛ የምትማሩና ዕድሜያችሁ ከ26 በታች የሆናችሁ፣ ሉቭርን ጨምሮ ብሔራዊ ሙዚየሞች በነጻ ያስገቧችኋል፤ ፓስፖርትና ቪዛችሁን ይዛችሁ ሂዱ።