«ገባኝ» ብለው ሳይገባቸው ሲቀር፦ ሳይንስን የማስረዳት ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ገባኝ» ይላሉ፤ በማግስቱ የሰሙትን መልሰው መናገር ያቅታቸዋል።

ምክንያት፦ በማያውቁት ቃል ጀምረናል። ደሴ ላይ ለጎረቤቶቼ ስለ ውሃ መፍላት ሳስረዳ ገና ከመነሻዬ «የከባቢ አየር ግፊት» አልኩ። ቡናው ቶና ሳይደርስ ወሬው ተቀየረ።

መፍትሄ፦ እጃቸው ከሚያውቀው ጀምሩ። ከኮምቦልቻ የመጡ አንዲት ጎረቤቴ «እዚህ ባቄላው አልበስል እያለ ማገዶ ጨረሰብኝ» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ከሐረጎ ቁልቁለት ግርጌ ያለችው ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ያንሳል፤ የሚጫነው ስለቀለለት ውሃው ብዙ ሳይግል ይፈላል። ኮምቦልቻ በ94፣ ደሴ በ92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑ ነው። ድስቱ ቢንተከተክም ንፍሮው የሚያገኘው ሙቀት ያነሰ ነው፤ እሳት ቢጨመርበት ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ፕሬሸር ኩከር የሚያፈጥነው እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርግ ነው። «ግፊት» የሚለውን ቃል ያመጣሁት እዚህ ላይ ሲሆን ማንም አልተቸገረበትም። ከዚያ «ገባዎት?» ማለቱን ትቼ «እትዬ፣ ለልጅዎ ቢነግሯት እንዴት ይሏታል?» አልኳቸው። «ደሴ ላይ ውሃው ሳይግል ተቻኩሎ ይፈላል፤ ባቄላው ወደ ኋላ ይቀራል» አሉ። እኔ ከዚህ አሳምሬ አልናገረውም።

ምልክት፦ ተማሪው በሚፈላ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትሩ 92 ሲያሳየው «ተበላሽቷል» ይላል።

ምክንያት፦ «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብለን ስናስተምር «በባሕር ጠለል ላይ» የሚለውን አስቀርተናል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ልጁ ዓይኑ ያየውን እንዳያምን ያደረግነው እኛ ነን።

መፍትሄ፦ ሕጉን የሚሠራበትን ሁኔታ ሳትነጥሉ ንገሩት፣ ቀጥሎም ራሱ ይለካ።

ምልክት፦ «ውሃው ጥርት ብሏል፣ ምን ያስፈላዋል?»

ምክንያት፦ ጀርምን «ትንንሽ ትል» እያልን አስረድተናል። ሰው ትል ፈልጎ ሲያጣ ውሃው ንጹሕ ይመስለዋል።

መፍትሄ፦ ምሳሌ ስትሰጡ የት ላይ እንደማይሠራ አብራችሁ ተናገሩ፦ ይህኛው በዓይን አይታይም፣ የጠራ ውሃ ውስጥም ይኖራል። በ92 ዲግሪም ቢሆን ይሞታል። ውሃው በደንብ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ኮምቦልቻ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነችው ደሴ ላይ ግን 3 ደቂቃ እሳቱ ላይ ይቆይ።