አልከፍት ያለኝ ኪውአር ኮድ

ወደ ድረ ገጼ የሚወስድ ኪውአር ኮድ (በስልክ ካሜራ የሚነበብ ባለነጠብጣብ ምስል) ያለበት በራሪ ወረቀት አሳትሜ ሳድል ሰነበትኩ። ሰው ይቀበላል፣ ፈገግ ይላል፤ ገጼን የሚጎበኝ ግን የለም። ዲዛይኑን ስረግም ከረምኩ። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ «ይሄ ነገር አይከፍትም እኮ» ብላ ስልኳን አሳየችኝ። «ጊዜው አልፎበታል» ይላል! ለካ ኮዱን የሠራሁበት አገልግሎት የነፃ ሙከራው አልቆ ኖሯል።

እንዲህ ያለው ኮድ «ዳይናሚክ» ይባላል። መጀመሪያ ወደ እነሱ ሰርቨር፣ ከዚያ ወደ እኔ ገጽ ነው የሚወስደው። «ስታቲክ» የሚባለው ግን አድራሻውን ራሱ ውስጡ ስለሚይዝ፣ ገጹ እስካለ ድረስ ይሠራል። እሱን ሠርቼ፣ በስቲከር አሳትሜ፣ በአሮጌው ላይ እያንዳንዱን ለጠፍኩ። ጣቴ እስኪላጥ!

ሊንኩ መጨረሻ ላይ የዩቲኤም ምልክት (ጎብኚው ከየት እንደመጣ የሚናገር ቅጥያ) ስለጨመርኩ፣ ከወረቀቱ የመጣውን ጎብኚ አናሊቲክስ (የገጹ ጎብኚ መቁጠሪያ) ላይ ለይቼ አየዋለሁ። አድራሻው ሲረዝም ግን የኮዱ ነጠብጣብ ይደቃል፤ በትንሽ ወረቀት ላይ ካሜራ ያስቸግራል። እኔ አሳጠርኩት።