ጃርዲያንና ክሪፕቶስፖሪዲየምን በውሃ ናሙና ውስጥ በማይክሮስኮፕ መፈለግ

ለሰገራ ምርመራ የለመደ ባለሙያ ውሃ ሲመጣለት አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አድርጎ ማየት ይቀናዋል። ውሃ ውስጥ ግን ጃርዲያና ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባሉት ተቅማጥ አምጪ ጥገኛ ተውሳኮች እጅግ ተበታትነው ስለሚገኙ፣ ሥራው በአብዛኛው የሚያልቀው ማይክሮስኮፑ ሳይበራ ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ በኩል ከሚወርደው የቦርከና ወንዝም ሆነ ከምንጭ ወይም ከቧንቧ፣ 10 ሊትር ያህል በንጹሕ ጀሪካን ይቀዳ። በተለመደው መጠን የሚጨመር ክሎሪን ክሪፕቶስፖሪዲየምን ስለማይገድል የቧንቧው ውሃ ከምርመራው መቅረት የለበትም። በዕለቱ የማይሠራ ናሙና ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፤ ይቀዝቅዝ እንጂ በረዶ መሆን የለበትም።

ጀሪካኑን አሳድሮ ዝቃጩን ብቻ መውሰድ አይመከርም፤ የክሪፕቶስፖሪዲየም ኦኦሲስት (ውሃ ውስጥ የሚገኘው ባለ ጠንካራ ሽፋን እንቁላል መሰል ቅርጹ) በአንድ ሌሊት የሚወርደው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነውና። ስለዚህ ውሃው ቀዳዳው 1.2 ማይክሮሜትር በሆነ ሜምብሬን (ስስ ማጣሪያ) ይጣራ። በክረምት ቦርከና ደፍርሶ ሲወርድ ሜምብሬኑ ቶሎ ስለሚደፈን፣ ከማስጨነቅ ይልቅ ደጋግሞ መቀየር ይሻላል። ሜምብሬኑ ላይ የቀረው 0.1 ፐርሰንት ትዊን 80 (ሳሙና መሰል ፈሳሽ) ባለበት ውሃ ታጥቦ በ1,500 ጂ (የስበት ኃይል 1,500 እጥፍ) ለ15 ደቂቃ ሴንትሪፉጅ ይደረጋል። ከላይ ያለው ውሃ በፒፔት ቀስ ተብሎ ይመጠጥ፤ ቱቦውን ገልብጦ መድፋት የተደከመበትን ዝቃጭ ይዞ ይሄዳል።

ከዝቃጩ ጠብታ ሉጎል ከሚባለው የአዮዲን ማቅለሚያ ጋር ተቀላቅሎ በ10 ከዚያም በ40 ኦብጀክቲቭ ይታያል። የጃርዲያ ሲስት (በሽፋን የተጠቀለለው ቅርጹ) ሞላላ፣ ርዝመቱ ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ሲሆን፣ በውስጡ ከ2 እስከ 4 ኒውክለስና በቁመቱ የተዘረጉ ቀጫጭን መስመሮች ይለዩታል።

ክሪፕቶስፖሪዲየም አዮዲን ስለማይቀበል የተሻሻለው ዚል ኒልሰን የተባለው የማቅለም ዘዴ ያስፈልጋል። ስላይድ ላይ በስሱ ተቀብቶ የደረቀው ዝቃጭ (ስሚር) እንዳይለቅ በሜታኖል ለ3 ደቂቃ ይያዛል፤ ካርቦል ፉክሲን ለ15 ደቂቃ ይቆይበታል፤ በ1 ፐርሰንት አሲድ አልኮል ለ15 ሰከንድ ያህል ከታጠበ በኋላ በሜቲሊን ብሉ ለ1 ደቂቃ ይቀባል። በዘይት በ100 ኦብጀክቲቭ ሲታይ ኦኦሲስቱ በሰማያዊ ሜዳ ላይ ክብ፣ ሮዝ ወይም ደማቅ ቀይ ሆኖ፣ ከ4 እስከ 6 ማይክሮሜትር ይለካል። እርሾ በመጠኑ ይመስለዋል፤ ቀለሙን ግን ስለማይዝ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። በእኔ እምነት፣ ተውሳኩ እንዳለበት አስቀድሞ የታወቀ ስላይድ አብሮ ሳይቀባና ካሊብሬት በተደረገ የዓይን ማይክሮሜትር (በማይክሮስኮፑ የዓይን ሌንስ ውስጥ ባለ መለኪያ) ሳይለካ «ተገኝቷል» ተብሎ መፈረም የለበትም።

ውጤቱ ሲጻፍ የተጣራው ሊትርና ከዝቃጩ የታየው መጠን ይጠቀስ። ምንም ካልታየም «ውሃው ነጻ ነው» ሳይሆን «በተመረመረው መጠን ውስጥ አልታየም» ተብሎ ይመዘገባል።